የጉልቻዬ ምትክ፦ ምርጥ ምጣድ ከአራት ዓመት በኋላ

ምርጥ ምጣድ የሚባለውን ምድጃ የገዛሁት በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለቀበት ሰሞን። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ጋገርኩበት። ሰው በየጊዜው ይጠይቀኛል። «ማገዶ ይቆጥባል የሚሉት እውነት ነው? ጭሱስ? እንጀራውስ እንደ ጉልቻው ይወጣል?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ላስቀድም። ምድጃ የሚመዘነው በሚጋግርበት ሰው ኑሮ ነውና። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሬከርድ ሠራተኛ ነኝ። የተማሪ ፋይል፣ ሮስተር (የክፍሉ ውጤትና ደረጃ የሚሰፍርበት መዝገብ)፣ ካርድ፣ መሸኛ፣ ትራንስክሪፕት በእኔ እጅ ያልፋል። አስተማሪ አይደለሁም፤ ልጆቹ ግን «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ግቢው ውስጥ የሚሠራ አዋቂ ሁሉ ለእነሱ ቲቸር ነው። ቤት እናቴና ሁለት ልጆቼ አሉ። የምንኖረው በኪራይ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጋግራለሁ፤ ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ጠዋት። የቅዳሜው አያስጨንቀኝም። የረቡዑ ነበር የሚገድለኝ።

ረቡዕ ማታ ማለት ከሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ፣ ለልጆች እራት አቅርቦ፣ ከዚያ እሳት ማንደድ ማለት ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣዱን ጥዶ በሦስቱም በኩል እሳቱን እያባበሉ ማደር። ነፋስ በአንዱ በኩል ከገባ ነበልባሉ በሌላው ይወጣል። እንጀራው ባንድ ጎኑ ያራል፣ ባንድ ጎኑ ይነጣል። ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፤ የጮቄ ተራራ ብርድ ማታ ማታ ይወርዳል፤ በር ከፍቼ እንዳልጋግር ብርዱ፣ ዘግቼ እንዳልጋግር ጭሱ።

አንዱን ረቡዕ አልረሳውም። ሰኔ 2010 ነበር፤ የካርድ ሰሞን። ዝናቡ ገብቷል፣ እንጨቱ ርሷል። የራሰ ባህር ዛፍ እንዴት እንደሚጨስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ጋገርኩ። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ተነሳሁ። ቢሮ ገብቼ የሰባተኛ ክፍልን ውጤት ከማርክ ሊስት ወደ ሮስተር፣ ከሮስተር ወደ ካርድ ስገለብጥ ዋልኩ። ዓይኔ ያለቅሳል፤ በነጠላዬ እጠርጋለሁ፤ እጽፋለሁ።

ካርድ በተሰጠ ማግስት አንዲት ልጅ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ካርዱን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ ይኼ የኔ ውጤት አይደለም።»

«የቱ ነው የኔ እናት?»

«ባዮሎጂ። እኔ ያገኘሁት 86 ነው።»

ካርዱ ላይ 68 ይላል። የፈተና ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ይዛዋለች። ማርክ ሊስቱን አወጣሁ። 86 ነው። እኔ ነኝ ገልብጬ የጻፍኩት።

አንድ ቁጥር ብቻ መስሏችሁ ይሆናል። ድምሩ በ18 ነጥብ ሲቀየር ደረጃዋ ከ9ኛ ወደ 4ኛ ወጣ። እሷ 4ኛ ስትሆን 4ኛ የነበረው 5ኛ ይሆናል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ 9ኛ። አምስት ልጆች ደረጃቸው ወረደ። ስድስት ካርድ መሰብሰብና እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ሮስተሩ ላይ የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል። የአምስቱን ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ አስረዳሁ። ይቅርታም ጠየቅሁ። አንዱ አባት ምንም አላሉኝም። ልጃቸው 4ኛ ወጥቶ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ካርዱን ዝም ብለው መለሱልኝ። ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ነው የከበደኝ።

ጥፋቱን ጭስ ላይ ልጥል አልፈልግም። መልሼ ማመሳከር ነበረብኝ፤ ያ የሥራዬ ግዴታ ነው። ነገር ግን የዚያን ዕለት ማታ እንዲህ ሆኜ እየጋገርኩ የሰው ልጅ ውጤት ልጽፍ አይገባም ብዬ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት የኤሌክትሪኩን ምጣድ ነው። ግን ቆጣሪው ከአከራያችን ጋር የጋራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ እኛ ስንሰካው ብሬከሩ ይወርዳል፣ ግቢው ሁሉ ይጨልማል። አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፣ እሱን ግን አልፈቀዱም። አልፈርድባቸውም። መብራቱም ቢሆን ሊጥ ኩፍ ባለ ሰዓት ነው የሚጠፋ። ያኔ አንዲት ባልደረባዬ ምርጥ ምጣዷን ልታሳየኝ ቤቷ ወሰደችኝ። ስትጋግር ከጎኗ ተቀምጬ ዓይኔን ሳላሽ ቡና ጠጣሁ። በቃኝ፣ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ምርጥ ምጣድ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ይሠራል፤ ሬድ አሽ የሚሉት ቀላሉ የእሳተ ገሞራ አሸዋም ይገባበታል። ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብቡት አራት ቁርጥራጮች ናቸው። ሁለት ተጨማሪ ቁርጥራጭ ደግሞ ከኋላ ድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። እሳቱ የሚገባው በአንድ አፍ ብቻ ነው። ሙቀቱ እንደ ጉልቻው በየአቅጣጫው አይበተንም፤ ምጣዱ ሥር ይዞራል፣ ከዚያ በድስት ማስቀመጫው በኩል ይወጣል። አገራችን ውስጥ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል ይባላል። ወደዚህች ግማሽ እመለሳለሁ።

ስድስቱን ቁርጥራጭ 300 ብር ገዛሁት፤ በጋሪ አስጭኜ አመጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» አለች።

«እማ፣ ወጥ ሳይሆን እንጀራ ነው» አልኳት።

«እሳት ታፍኖ እንጀራ ይወጣል? ካልሽ እንግዲህ።»

እናቴ ከቢቸና ወዲህ ያለ ገጠር ነው ያደገችው። ሃምሳ ዓመት በጉልቻ ጋግራለች። እሳቱን ካላየች አታምነውም።

የመጀመሪያው ችግር ልኩ ነበር። ምድጃው የሚሠራው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ለሚጠጋ ምጣድ ነው። የኔ አሮጌ ምጣድ ከዚያ ይሰፋል። ሳልለካ ገዛሁ። ምጣዱ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ በዙሪያው ነበልባል እያፈተለከ ይወጣል። ያኔ ከሒሳብ መምህራችን ትልቁን የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያ ተውሼ መጣሁና ክፍተቱን ለካሁ፤ ክርም በልኩ ቆርጬ ቋጠርኩ። ክሩን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁና ከሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ልኩን ምጣድ መረጥኩ። አሟሸሁት። የቀረችውን ክፍተት በጭድ ጭቃ ለሰንኩት። ነበልባሉ ጸጥ አለ።

ሁለተኛው ችግር የአምራቹ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የእሳቱ አፍ ያለበት ቁራጭ ተሰነጠቀ። ተመልሼ ሄድኩ። «ስትጭኚው ነው የተመታው» አለኝ። አልተመታም። ሲሚንቶው ሳይጠና ነው የሸጠልኝ። ግንበኛ ጎረቤቴ መጥቶ አየልኝ፤ በጥፍሩ ሲፍቀው ይረግፋል። ሲሚንቶ ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ጥላ ውስጥ ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት አለኝ። የኔው ገና ሳይጠግብ ነው ገበያ የወጣው። ከብዙ ምልልስ በኋላ አምራቹ ሌላ ቁራጭ በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ስለዚህ ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት። የጠና ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልጠና ደንቆሮ ድምፅ ነው ያለው። ጠርዙን በጥፍር ፋቁት። መቼ እንደተቀረጸም ጠይቁ። የማይመልስላችሁን እለፉት።

አሁን ወደ ግማሿ። እኔ መዝገብ የለመደ ሰው ነኝ። አንድ ያለቀ የልጄን ደብተር ገልብጬ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ፤ ቀን፣ የእንጀራ ብዛት፣ የእንጨት እስር። በጉልቻው መጨረሻ ወር ከ26 እስከ 28 እንጀራ ለመጋገር ሁለት እስር ይፈጅብኝ ነበር። በምርጡ የመጀመሪያ ወር አንድ ተኩል። ቅር አለኝ። የታለ ግማሹ?

ጥፋቱ የኔ ነበር። እንደ ጉልቻው ነበር እንጨት የምጎርሰው። ወፍራም ፍልጥ፣ ሦስት አራት አንዴ። የእሳቱ አፍ ጠባብ ነው፤ ሲታጨቅ አየር አያገኝም፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ባልደረባዬ መጥታ አየችና «አታጣድፊው» አለችኝ። ቀጭን ፍልጥ፣ ሁለት ሁለት፣ በደንብ የደረቀ። ቅጠልና ጭራሮ ለማስነሻ ብቻ። በሦስተኛው ወር ደብተሩ ላይ አንድ እስር ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ እሷው ናት። አንድ ሸክም ባህር ዛፍ ሁለት ጊዜ ያስጋግረኝ ነበር፤ አሁን አራት ጊዜ። በተለይ የመጨረሻዎቹን አምስት እንጀራዎች አንድም እንጨት ሳልጨምር ነው የማወጣቸው። ሲሚንቶው ሙቀቱን ይይዛል።

እንጨት የምገዛት እናት ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ነው የምትመጣ። ጎህ ሳይቀድ ተሸክማ ትነሳለች። «ምነው ጠፋሽ?» አለችኝ አንድ ቀን። ነገርኳት። ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ አዳመጠችኝ። «እኛስ ለራሳችን ብናገኝ» አለች። ለኔ ፍልጡን ትሸጣለች፤ እቤቷ ግን የምታነደው ቅጠልና ኩበት ነው። ይህ ምድጃ ከኔ ይልቅ ለእሷ ነበር የሚያስፈልጋት። ይኼን ስጽፍ እንኳ ደስ አይለኝም።

እንጀራው? ያምራል። ሙቀቱ ዙሪያውን እኩል ስለሆነ ዓይኑ ከዳር እስከ መሐል አንድ ዓይነት ነው የሚወጣ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ አድርጌ፣ ሊጡን በጣሳ ከዳር ወደ መሐል አዙሬ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን እደፋለሁ። እንፋሎቱ በጠርዙ ብቅ ሲል ሰፌዱን አስጠጋለሁ። ነጭ ጤፍም፣ ከዳጉሳ ጋር የተቀየጠም ጋግሬበታለሁ። ዳጉሳ ያለበት ሊጥ እሳት ከበዛበት ቶሎ ይደርቃል፤ ለእሱ እሳቱን ቀነስ አድርጉ። ድፎ ዳቦም ያወጣል። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ቆርሳ ቀመሰች። ምንም አላለችም። ሁለተኛውን ቆረሰች።

የወደድኩት ግን ድስት ማስቀመጫውን ነው። እኔ እስክጋግር ሽሮው ከኋላ በስሎ ይጠብቀኛል። ጋግሬ ስጨርስ ደግሞ ውኃ እጥድበታለሁ፤ ልጆቼ በሞቀ ውኃ ተጣጥበው ይተኛሉ። ድሮ ለዚያ ለብቻው ከሰል አነድ ነበር። ቡና ግን አይሆንም፤ ጀበና ላይ እሳቱ ይዘገያል። ለቡና አሁንም ከአዊ በኩል የሚመጣውን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ነው የምጠቀም።

ጭስ የለውም የሚላችሁ ሻጭ ካለ አትመኑት። አለው። ከጉልቻው በብዙ ያንሳል፣ ግን ጭስ ማውጫ ከሌለ ጭሱ ማድ ቤት ውስጥ ነው የሚቀር። እናቴ ትስላለች፤ ዓመታት ሆኗት። ጤና ጣቢያ ስወስዳት የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ነው የምታበስሉት?» የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና መሰል ነገር ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለ ዕድሜው ሞቷል። ይኼን ሳነብ የእናቴ ሳል ነው የተሰማኝ። አከራያችንን አስፈቅጄ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ መስኮት አስከፈትኩ፤ ቆርቆሮውንም ጫፉን ከፍ አስደረግሁ። ልዩነቱን ያመጣው ምድጃው ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው። መስኮት ማስከፈት የማትችሉ ከሆነ፣ በተለይ አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ ምርጥ ምጣድ ብቻውን ችግራችሁን አይፈታውም።

መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምድጃው ከምንጊዜውም በላይ ሠራ። ልጆቹም እኔም ቤት ዋልን፤ እንጀራው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ትልቋ ልጄ መጋገር የተማረችው ያኔ ነው። በጉልቻው ቢሆን አላስጠጋትም ነበር። እሳቱ ውስጥ ስለሆነ ቀሚሷን ይይዛል ብዬ አልሰጋም። የመጀመሪያው እንጀራዋ ካርታ መስሎ ወጣ፤ በእንፍልፍል ጨረስነው።

በ2013 ቤት ቀየርን። ምድጃውን ጭቃውን አፍርሼ፣ ቁርጥራጮቹን በማዳበሪያ ጠቅልዬ በጋሪ ወሰድኩት። ከባድ ነው። ሁለት ጠርዝ ረገፈ። አዲሱ ቤት እንደገና ለሰንኩት። ተከራይ ሆናችሁ በየዓመቱ የምትለቁ ከሆነ ይኼን አስቡበት። መንቀል ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱ ንቅለት ዕድሜውን ይቀንሰዋል።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። የእሳቱ አፍ ላይ ጣት የምታህል ስንጥቅ አለ። በሽቦ አስሬ በጭቃ መርጌዋለሁ። የቀሩት ሦስቱ ደህና ናቸው። ድስት ማስቀመጫው አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ግን ጠንካራ ነው። ያንን የተሰነጠቀውን ቁራጭ ከፋሲካ በኋላ እቀይረዋለሁ። አንኳኩቼ።

ረቡዕ ማታ አሁን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እጨርሳለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዓይኔ ደህና ነው። ሮስተር ስሠራ አንድ ጊዜ ጽፌ፣ አንድ ጊዜ ከማርክ ሊስቱ ጋር በማስመሪያ መስመር በመስመር አመሳክራለሁ። ያቺ ልጅ ስምንተኛን አልፋ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፤ መሸኛዋን እኔ ነኝ የጻፍኩላት። ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ አየኋቸው።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከምንም በፊት የምጣዳችሁን ስፋት በክር ለኩ። ክሩን ይዛችሁ ሂዱ። የኔዋ ክር ቋጠሮዋ ሳይፈታ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጎረቤት ገበያ ሲወጣ ይወስዳታል፣ ማታ ይመልሳታል።